ከፍቺ በኋላ ቅዱስ ቁርባን መቀበል እችላለሁ?

ጥያቄ፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዕድሜዬ 37 ነው፤ ተወልጄ ያደግሁት በእምድብር አካባቢ ከካቶሊክ ቤተሰብ ነው። በ1998 ዓ.ም. 18 ዓመት እንደ ሞላኝ ሽማግሌ ተላከብኝ፤ አባቴም እሺ አለ። እኔ ትምህርቴን መቀጠል ነበር የፈለግሁት። ለእናቴም ለእኅቴም አልቅሼ ነግሬያቸዋለሁ። አባቴ ግን ‹እምቢ ካልሽ ረግሜሻለሁ፤ ከቤቴም ውጪልኝ› ሲለኝ በተክሊል ተጋባሁ። በሦስተኛው ዓመት ባለቤቴ ከሰርጋችን በፊት ድሬዳዋ ውስጥ ከሌላ ሴት የወለደው ልጅ እንዳለው ደረስኩበት። በዚያው ወር ልጄን ይዤ አዲስ አበባ እኅቴ ቤት መጣሁ። ፍርድ ቤት ፍቺያችንን በ2003 ዓ.ም. አጸደቀ።

በ2007 ዓ.ም. ከአንድ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ጋር በማዘጋጃ ቤት ተፈራርመን ተጋባን። እሱም ከእኔ በፊት በሰማንያ ያገባት ሴት ነበረችው፤ ተፋተዋል። ሁለት ልጆች ወልደናል፤ ሁለቱም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቀዋል። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቤቴ ከወጣሁበት ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቆርቤ አላውቅም። አክስቴ ‹የፈታ ሰው ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ነው› ስላለችኝ ነው። ልጄ በቅርቡ የመጀመሪያ ቁርባኗን ትቀበላለች። ለዚያች አንድ ቀን እንኳ አብሬያት ብቀበል ምን አለበት? ‹የፍርድ ቤቱን ወረቀት ለአባ ብታሳዪ ይበቃል› የሚለኝ አለ፤ ‹ሮም ድረስ ገንዘብ ካልተከፈለ አይሆንም› የሚለኝም አለ። የመጀመሪያው ጋብቻ እንዳልነበረ ከተቆጠረ ደግሞ ከዚያ የወለድኩት የ17 ዓመት ልጄ ዲቃላ ሊባልብኝ ነው ብዬ እፈራለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ውድ እኅታችን፤ አክስትሽ የነገረችሽ ስሕተት ነው። ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የተፋታን ሰው አታወግዝም፤ ተፋቶ በማዘጋጃ ቤት ያገባውንም አታወግዝም። አሜሪካ ውስጥ ተፋቶ ያገባ ካቶሊክ እንዲወገዝ የሚያዝ ደንብ በ1884 እ.ኤ.አ. በባልቲሞር ጉባኤ ወጥቶ ነበር፤ እሱም ቢሆን በ1977 እ.ኤ.አ. ተሽሯል። አንቺ ዛሬም የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነሽ። ማስቀደስ፣ መጸለይ፣ በቁምስናሽ ሥራ መርዳት፣ ልጆችሽን በእምነት ማሳደግ መብትሽም ግዴታሽም ነው።

ሁለተኛው ነገር ትንሽ ያሳዝንሽ ይሆናል፤ ቢሆንም ማወቅ አለብሽ። ከ2001 እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ ለብቻሽ ስትኖሪ ከቁርባን የሚከለክልሽ ሕግ አልነበረም። ፍቺ በራሱ ከቅዱስ ቁርባን አይከለክልም። የቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2383 ላይ እንደሚለው መብትን ለማስከበር፣ ልጆችን ለመጠበቅ ወይም ንብረትን ለማዳን ሌላ መንገድ ከሌለ የመንግሥት ፍርድ ቤት ፍቺ ሊፈቀድ ይችላል፤ ኃጢአት ተብሎም አይቆጠርም። ተፋቶ ሌላ ያላገባ ሰው፣ ንስሐ የሚያስፈልገው ነገር ካለ ንስሐ ገብቶ፣ እንደ ማንኛውም ምእመን ይቆርባል። ይህን አጥብቀን የምንጽፈው ለአንቺ ብቻ አይደለም። ባሏ ጥሏት ሄዶ ወይም ዱላ ሸሽታ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ «ፈት ነኝ» ብላ ከኋላ ወንበር የማትነሣ እናት በየቁምስናው አትጠፋም። እሷ ነገ ጠዋት ንስሐ አባቷን ብታነጋግር ነገሩ ያልቃል።

አንቺን የያዘሽ የ2007ቱ ፊርማ ነው። ሁለት የተጠመቁ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው እንደ ባልና ሚስት ከኖሩ ያንን ማሰሪያ የሚፈታ ሰብአዊ ሥልጣን የለም፤ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና (እንደ እኛ ያሉ የምሥራቅ ሥርዓት ካቶሊኮች የሚተዳደሩበት ሕግ) በቁጥር 853 የሚለው ይህንን ነው። የመንግሥት ፍርድ ቤት ንብረት ያካፍላል፣ የልጅ አስተዳደግና ቀለብ ይወስናል፣ በሕግ ፊት ነጻ ያደርግሻል። ቃል ኪዳኑን ግን አይነካውም፤ እነካዋለሁም አይልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጋብቻ የጸና ነው ተብሎ እስከ ታሰበ ድረስ ቤተ ክርስቲያን የምታይሽ እንደ መጀመሪያው ባልሽ ሚስት ነው፤ አሁን ከምትኖሪበት ሁኔታ ጋር የሚጋጨውም ይህ ነው። አባ ቁርባን አልሰጥም ቢሉሽ የዛሬውን ባልሽን መናቃቸው፣ ፍቅራችሁንም ሐሰት ማለታቸው አይደለም።

«የፍርድ ቤቱን ወረቀት አሳዪ» የሚለው ምክር የማይሠራውም ለዚህ ነው። ወረቀቱን ግን አትጣዪው፤ ወደ ታች እንደምታዪው ለሌላ ነገር ይፈለጋል።

«ለአንድ ቀን ብቻ» ላልሽው መልሳችን አጭር ነው፦ አይሆንም። መቀበል የምትችዪ ከሆነ ሁልጊዜ ትችያለሽ፤ የማትችዪ ከሆነ የልጅሽ ቀን መሆኑ ሁኔታውን አይለውጠውም። የልጅሽን ቁርባን ግን የአንቺ ጉዳይ በምንም መንገድ አያግደውም። አብረሻት ግቢ፣ አጠገቧ ቁሚ፣ ስታስቀድሺም በልብሽ መንፈሳዊ ቁርባን ተቀበዪ። በአንዳንድ ቁምስና ወላጆች ከልጆቹ ጋር አብረው ወደ ፊት ይወጣሉ፤ የአንቺም እንደዚያ ከሆነ አባን ቀደም ብለሽ አነጋግሪ፤ በሰው ፊት እንዳትሸማቀቂ መላ ያበጁልሻል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ደብዳቤሽን ስናነብ መጀመሪያ ያሰብነው «ይህች ሴት ቁርባን ትቀበል ወይስ አትቀበል?» የሚለውን አልነበረም። «የ1998ቱ ጋብቻ ከመጀመሪያውም የጸና ነበር ወይ?» የሚለውን ነው። እስካሁን ማንም ይህን አልጠየቀሽም፤ አንቺም አልጠየቅሽም። የጻፍሽው ታሪክ ውስጥ ግን የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት አንሥቶ ሊመረምራቸው የሚገቡ ሁለት ከባድ ነገሮች አሉ።

አንደኛው የአባትሽ ዛቻ ነው። በቀኖና 825 መሠረት አንድ ሰው ከውጭ በመጣበት ኃይል ወይም ከባድ ፍርሃት ተገዶ፣ ከዚያ ለማምለጥ ጋብቻን መምረጥ ግድ ከሆነበት፣ ጋብቻው አይጸናም። በሽማግሌ መዳርሽ ብቻውን አይበቃም፤ ያገራችን ብዙ ጥሩ ትዳር በሽማግሌ የተመሠረተ ነው። «አባቴን ላለማስቀየም» ማለትም ብቻውን አይበቃም። ፍርድ ቤቱ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ጋብቻውን ከልብሽ ጠልተሽው እንደነበርና እምቢ ብትዪ የሚደርስብሽ ነገር ለ18 ዓመት ልጅ ከባድ እንደነበር። የአባት እርግማንና ከቤት መባረር ለገጠር ልጅ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አገር ላለ ዳኛ ማስረዳት ብዙ አያስቸግርም። አባትሽ የተናገረውን ቃል በቃል ጻፊው፤ «አስገደደኝ» ብሎ ማለፍ ያንን ክብደት ያጠፋዋል።

ሁለተኛው የተደበቀው ልጅ ነው። ቀኖና 821 የሚለው፣ አንዱ ወገን ፈቃድ ለማግኘት ሲል የጋራ ኑሮን በጠባዩ ክፉኛ ሊያናጋ የሚችል ነገር ሆን ብሎ ደብቆ ካታለለ ጋብቻው አይጸናም ነው። እዚህ ላይ አራት ጥያቄዎች ይጠብቁሻል። ልጁ የተወለደው በእርግጥ ከሰርጉ በፊት ነው? ሰውየው ያንጊዜ ያውቅ ነበር? የደበቀው እንዳትቀሪበት ብሎ ነው? ብታውቂ ኖሮ ታገቢው ነበር? ለመጀመሪያው የልጁ የልደት ወይም የጥምቀት ምስክር ወረቀት ከተገኘ ጥሩ ነው። ለመጨረሻው ደግሞ አንድ ብርቱ ማስረጃ በእጅሽ አለ፦ ባወቅሽበት ወር ቤቱን ለቀሽ መውጣትሽ። አውቃ ዐሥር ዓመት የቆየች ሴት «ባውቅ አላገባውም ነበር» ብትል ለማመን ያስቸግራል፤ አንቺ ግን በሥራ አሳይተሻል። የወጣሽበትን ወርና ማን እንደተቀበለሽ በትክክል አስታውሺ።

በዚህ ጉዳይ ሰዎች አብዝተው የሚሳሳቱበትን ቦታ እዚሁ እንንገርሽ። ማመልከቻ ጻፊ ስትባል ብዙ ሰው ስምንት ዐሥር ገጽ ስለ መጠጡ፣ ስለ ስድቡ፣ ስለ አማቱና ስለ ገንዘቡ ይጽፋል። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው ግን የሰርጉን ቀን ነው። በዚያን ቀን የሁለታችሁ ፈቃድ እውነተኛና ሙሉ ነበር ወይ? ከዚያ በኋላ የመጣ ክፋት የጸናን ጋብቻ አያፈርስም። ኋላ የተፈጸመው የሚጠቅመው የፊተኛውን ሲያስረዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ከገጽሽ ሁለት ሦስተኛው ከሰርጉ በፊት ስለነበረው ይሁን፦ ሽማግሌ መቼ መጣ፣ ከሰውየው ጋር ስንት ጊዜ ተነጋግራችሁ ነበር፣ ለማን ምን ብለሽ አለቀስሽ፣ አባትሽ ምን አለ፣ ማን ሰማ።

ምስክሮችሽም በዚሁ መንገድ ይመረጡ። ዛሬ የሚያዝንልሽ የአዲስ አበባ ጎረቤት ብዙ አይጠቅምም፤ በ1998 ዓ.ም. እዚያ የነበረ ሰው ነው የሚፈለገው። እናትሽ፣ እኅትሽ፣ ሚዜሽ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። ሦስት አራት ሰው፣ ያየውንና በጆሮው የሰማውን የሚናገር፣ ይበቃል። አባትሽ በሕይወት ካለና «አዎ፣ አስገድጃታለሁ» ለማለት ፈቃደኛ ከሆነ ከእሱ የሚበልጥ ምስክር የለም። ከባድ ጥያቄ መሆኑን እናውቃለን። በአስታራቂ ወይም በምታከብሩት ካህን በኩል ብታስጠይቂው ከአንቺ አፍ ከሚሰማው ይቀለዋል። ምስክሮችሽን ግን ቃል አታስጠኚያቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ሲናገሩ ዳኛው ወዲያው ያውቀዋል፤ ያኔ እውነተኛውም ቃል ይጠረጠራል።

አንድ ነገር ደግሞ ተዘጋጅተሽ ጠብቂ። ከሰርጉ በፊት ቆሞሱ ለብቻሽ ጠርተው «በፈቃድሽ ነው ወይ?» ብለው ጠይቀውሽ «አዎ» ብለሽ ፈርመሽ ይሆናል። ይህ ወረቀት ከመዝገብ ይወጣል። ለምን አዎ እንዳልሽ ራስሽ ቀድመሽ አስረጂ፤ በኋላ ሲመጣብሽ ከመደናገጥ ይሻላል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የቁምስናሽን ቆሞስ ከቅዳሴ ሰዓት ውጭ ቀጠሮ ይዘሽ አነጋግሪ፤ እሑድ በር ላይ አይሆንም። ይዘሽ የምትሄጂው፦ ከተጠመቅሽበት ቁምስና አዲስ የወጣ የጥምቀት ምስክር ወረቀት (የድሮው አይበቃም፤ በጥምቀት መዝገቡ ጠርዝ ላይ የጋብቻ ማስታወሻ ስለሚጻፍ አዲስ ግልባጭ ይፈለጋል)፣ የተክሊሉ የምስክር ወረቀት፣ የ2003ቱ የፍቺ ውሳኔ ግልባጭ፣ የ2007ቱ የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ መታወቂያ። የፍቺው ውሳኔ የሚፈለገው ማሰሪያውን ስለሚፈታ አይደለም። ዳኛው ጉዳዩን ከመቀበሉ በፊት የጋራ ኑሮው ሊጠገን እንደማይችል ማረጋገጥ ስላለበት ነው። መዝገቡ ጠፍቶ ከሆነ በምስክር ቃል የሚተካበት መንገድ አለ፤ ለዚያ ብለሽ እንዳትመለሺ።

ማመልከቻውን የት ታስገቢያለሽ? ሕጉ ምርጫ ይሰጥሻል፦ ጋብቻው የተፈጸመበት፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ የምትኖሩበት፣ ወይም አብዛኛው ማስረጃ የሚሰበሰብበት ሀገረ ስብከት። በአንቺ ሁኔታ እምድብር፣ አዲስ አበባ ወይም የቀድሞ ባለቤትሽ ድሬዳዋ የሚኖር ከሆነ ድሬዳዋ ያለችበት የሐረር ሀገረ ስብከት መሆኑ ነው። ምስክሮችሽ እምድብር ስላሉ እዚያ ማድረግ ያዋጣ ይሆናል፤ መመላለሱ ከከበደሽ አዲስ አበባ አስገቢ፣ የምስክሮቹን ቃል እምድብር ያሉ ካህናት ተቀብለው ሊልኩ ይችላሉ።

ማመልከቻሽ ተቀባይነት ሲያገኝ ለቀድሞ ባለቤትሽ መጥሪያ ይላክለታል፤ አስተያየቱን የሚሰጥበት 15 ቀን አለው። «አይመጣም» ብለሽ አድራሻውን አትደብቂ። እሱን ሳይጠራ የተሰጠ ውሳኔ ሊፈርስ ይችላል። ተጠርቶ ካልመጣ ግን ጉዳዩ ያለ እሱ ይቀጥላል፤ ዝምታው አያግድሽም። ከዚያ የጋብቻው ማሰሪያ ተከላካይ የሚባል ሰው ይመደባል። ሥራው ጋብቻው የጸና ነው የሚያሰኘውን ሁሉ ማቅረብ ነው። ሦስት ዓመት አብራችሁ መኖራችሁን፣ ልጅ መውለዳችሁን ያነሣብሻል። ጠላትሽ አድርገሽ አትዪው፤ ሥራው ነው። ዳኞቹም ቢጠራጠሩ ጋብቻው እንደ ጸና ይቆጠራል፤ ቀኖና 779 እንዲያ ይላል። በሕጉ የመጀመሪያው ደረጃ ከአንድ ዓመት እንዳይበልጥ ታዝዟል፤ ፍርድ ቤቱ የሰው እጥረት ካለበት ግን ይረዝማል፤ ቀደም ብለሽ ዕወቂው።

ማሳጠሪያ መንገድም አለ፤ ለአንቺ ደግሞ ከብዙዎች ይልቅ ይቀርባል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ (በሥራ ላይ የዋለው በዚያው ዓመት ዲሴምበር 8 ነው) ማስረጃው ግልጽ ሲሆን ጳጳሱ ራሳቸው በአጭር ሂደት የሚወስኑበት በር ተከፈተ። ከሕጉ ጋር በተያያዘው መመሪያ አንቀጽ 14 ለዚህ ሂደት ምክንያት ሊሆኑ ከሚችሉ ሁኔታዎች መካከል ከቀድሞ ግንኙነት የተወለደን ልጅ በማታለል መደበቅ በስም ተጠቅሷል። ነገር ግን ሁለታችሁም ማመልከት፣ ወይም አንቺ ስታመለክቺ እሱ መስማማት አለበት። ስለዚህ ሰውየው አያናግረኝም ብለሽ አትተዪው። ከእሱ ወገን የሚሰማውን አንድ ሽማግሌ ፈልጊና፣ ገንዘብም ሆነ ንብረት እንደማትጠይቂው፣ ልጁም እንደማይነካ አስረድተው ስምምነቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠይቁት። ያቺ አንድ ፊርማ ብዙ ወራት ልትቆጥብልሽ ትችላለች። ውሸት ግን አብራችሁ እንዳታበጁ፤ ተስማምቶ የቀረበ ውሸት የሚያስገኘው ወረቀት በእግዚአብሔር ፊት ምንም አይደለም፤ በምርመራም ይጋለጣል።

ስለ ገንዘቡ። ሮም የሚከፈል ነገር የለም፤ ጉዳይሽ ሮም መሄዱም ግዴታ አይደለም። ቀድሞ «አልጸናም» የሚል ውሳኔ ከሁለተኛ ፍርድ ቤት ካልተደገመ በሥራ ላይ አይውልም ነበር፤ የ2015ቱ ሕግ ይህን አስቀርቶ ይግባኝ ካልተባለበት አንዱ ውሳኔ እንዲበቃ አድርጓል። ያው ሕግ ሂደቱ በተቻለ መጠን በነጻ እንዲሰጥ ጳጳሳቱን ያሳስባል። ለሰነድና ለመጓጓዣ የሚያስፈልግ ወጪ ካለ ከፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ጠይቂ፣ አቅም ከሌለሽም ተናገሪ። በመካከል ገብቶ «እኔ አስጨርስልሻለሁ» የሚልሽ ሰው ቢመጣ ግን ደላላ ነው፤ ከቤት አስወጪው።

ስለ ልጅሽም አትፍሪ። ጋብቻው አልጸናም መባሉ በመካከላችሁ ኑሮ አልነበረም ማለት አይደለም። በቅን ልቦና በቤተ ክርስቲያን ከተፈጸመ ጋብቻ የተወለደ ልጅ በቤተ ክርስቲያን ሕግ ሕጋዊ ልጅ እንደሆነ ይቀራል። በአገራችንም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ እንኳ ከሌሎቹ እኩል መብት አለው። የአባቱ ስም፣ ውርሱ፣ ጥምቀቱ አንዱም አይነካም። 17 ዓመት ስለሆነው ግን ከሌላ ሰው ሳይሰማ አንቺው ንገሪው።

አሁን ደግሞ ብዙዎች የሚረሱት ነገር። አንቺ ነጻ ብትሆኚም የዛሬው ባለቤትሽ ነጻ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ሁለት ዓመት ደክመው ውሳኔ ካገኙ በኋላ በመጨረሻው ሰዓት የሌላኛው ወገን የቀድሞ ጋብቻ ሲወጣ እንደ አዲስ የሚጀምሩ ሰዎች አሉ። ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የኦርቶዶክሶችን የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ እንደ ጸና ነው የምትቀበለው። ባለቤትሽ የቀድሞዋን በቁርባን ወይም በካህን ቡራኬ አግብቷት ቢሆን ኖሮ የእሱም ጋብቻ እንደ አንቺው መመርመር ነበረበት፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፈትቶታል ቢባል እንኳ። አንቺ እንዳልሽው በሰማንያ ብቻ ከሆነ ነገሩ በጣም ይቀላል። ኦርቶዶክሶች ያለ ካህን ቡራኬ የሚያደርጉት ጋብቻ በሥርዓታቸው ስለማይጸና አብዛኛውን ጊዜ በሰነድ ብቻ ያልቃል። ግን ጠይቂው፦ ኋላ ቄስ ጠርተው አስባርከው ነበር ወይ? የሰማንያውን ወረቀትና የፍቺውን ውሳኔ ከአሁኑ ያዘጋጅ። የአንቺንና የእሱን ጉዳይ ባንድ ጊዜ አስጀምሩ።

ሁለታችሁም ነጻ ስትሆኑ የ2007ቱ ትዳር በቤተ ክርስቲያን ይጸናል። ከኦርቶዶክስ ጋር ስለሆነ የጳጳሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንቺ በእምነትሽ እንደምትጸኚና ልጆችሽን ካቶሊክ አድርገሽ ለማሳደግ የምትችዪውን ሁሉ እንደምታደርጊ ቃል ትገቢያለሽ፤ እሱ ይህን እንዲያውቅ ይደረጋል እንጂ እምነቱን እንዲለውጥ አይጠየቅም። «ዐሥር ዓመት ከኖርን በኋላ እንደገና ምን ተክሊል ያስፈልጋል? ያፈርኩበት ነገር የለም» ቢልሽ አትጣዪው። ፈቃዳችሁ እስካሁን የጸና ከሆነ ጳጳሱ አዲስ ሥርዓት ሳይደረግ ትዳሩን ከሥሩ የማጽናት ሥልጣን አላቸው (ከቀኖና 848 ጀምሮ ያሉትን አባ ያሳዩሻል)። ከዚያ ንስሐ ትገቢያለሽ፤ ቁርባንም ትቀበያለሽ።

ፍርድ ቤቱ «ጋብቻው የጸና ነው» ቢልስ? ይህም ይሆናል፤ በተለይ ምስክር ከታጣ። ውሳኔው ከደረሰሽ ቀን ጀምሮ ይግባኝ ለማለት 15 ቀን አለሽ፤ ሰነዱን የተቀበልሽበትን ቀን ጻፊው፣ ያመለጣቸው ብዙ ናቸው። አዲስ ከባድ ማስረጃ ከተገኘ ኋላም ጉዳዩ ሊነሣ ይችላል።

ያም ካልሆነ የቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለት ደረጃ አለው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር ቁጥር 84 እንዳሉት፣ በልጆች ወይም በሌላ ከባድ ምክንያት መለያየት የማይችሉ ሁለቱ እንደ እኅትና ወንድም ለመኖር ከወሰኑ ንስሐ ገብተው መቁረብ ይችላሉ፤ ጉዳያቸውን የሚያውቅ ሰው እንዳይሰናከል ጥንቃቄ ይደረጋል። ፍራንቼስኮስ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. «የፍቅር ሐሴት» በተባለው ምክራቸው ምዕራፍ 8 ላይ ከካህን ጋር ረጅም የማስተዋል ጉዞ ማድረግን አስቀመጡ። የአርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስ አካባቢ ጳጳሳት ይህን ሲተረጉሙ፣ ጋብቻው አልጸናም የሚል ውሳኔ ማግኘት ባልተቻለበትና እንደ እኅትና ወንድም መኖር በማይቻልበት ውስብስብ ሁኔታ ጉዞው እስከ ንስሐና ቁርባን ሊያደርስ ይችላል አሉ፤ ፍራንቼስኮስም ትርጓሜያቸውን በይፋ አጸደቁት። ሁሉም ጳጳሳት በአንድ ዓይነት መንገድ አይሠሩበትም፤ የፖላንድና የጀርመን ጳጳሳት አካሄድ እጅግ ይለያያል። ይህ ለሁሉም የተሰጠ የፈቃድ ወረቀት አይደለም። ራስሽ ብቻሽን ወስነሽ ወደ ቁርባን የምትሄጂበት መንገድም አይደለም። በጉዞው ላይ የሚነሡት ጥያቄዎች፦ የመጀመሪያው ትዳር ሲፈርስ ያንቺ ድርሻ ምን ነበር? ለማስታረቅ ተሞክሯል? ለተተወው ወገን ምን ግዴታ ቀርቷል? አዲሱ ቤተሰብ ላይ ያለሽ ኃላፊነትስ? በእኛ አስተያየት አንቺ ገና ወደዚህ አልደረስሽም። ያልተሞከረ፣ ያውም ጥሩ ተስፋ ያለው የፍርድ ቤት ጉዳይ እያለሽ ከመጨረሻው መጀመር ትክክል አይመስለንም፤ አስተዋይ ካህንም መጀመሪያ ወደ ፍርድ ቤቱ ነው የሚልክሽ።

ለጊዜው የምትሠሪው ይህ ነው። በዚህ ሳምንት እኅትሽን ቁጭ አድርገሽ ከሽማግሌው መምጣት እስከ ድሬዳዋው ልጅ መገለጥ ያለውን በወርና በዓመት ጻፉት፤ እሷ የምታስታውሰው አንቺ የረሳሽው ይኖራል። እምድብር የሚሄድ ሰው ካለ የጥምቀትና የተክሊል ወረቀቱን እንዲያወጣልሽ የክርስትና ስምሽን፣ የአባትሽን ስምና የተጠመቅሽበትን ዓመት ጽፈሽ ስጪው። ከዚያ ለቆሞሱ ደውይና አንድ ሰዓት የሚፈጅ ቀጠሮ ጠይቂ። ዐሥር ደቂቃ አይበቃም።